«አኗኗራችሁ ነው» ለሚሉን ምን እንመልሳለን? በሕክምና እገዛ ስለምንወልድ ወላጆች

የጥቅምት አበባ (አዲስ አበባ)

ውድ ተሳታፊዎች፣ ይህን ከመጻፌ በፊት ሁለት ሳምንት አመንትቻለሁ። ዕድሜዬ 34 ነው። በትዳር ዘጠኝ ዓመት ቆይተን፣ ከሁለት ዙር የአይቪኤፍ (እንቁላልና ዘርን ከማሕፀን ውጭ አገናኝቶ ሽሉን ወደ ማሕፀን የመመለስ) ሕክምና በኋላ፣ ዛሬ የአምስት ወር ሴት ልጄን ታቅፌ ዓይኔን በዓይኔ አይቻለሁ። የምጽፈው ግን በልጄ ክርስትና ዕለት ስለሰማሁት አንድ ንግግር ነው። ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታ ዘመድ ወዳጅ በቤታችን ተሰብስቦ ሳለ፣ የባለቤቴ አክስት ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «የዛሬ ሴቶች ዕድሜያቸውን በትምህርትና በቢሮ ይጨርሳሉ፣ ክኒኑን ሲውጡ ይከርማሉ፣ በኋላ ልጅ ፍለጋ ሐኪም ቤት ይሮጣሉ፤ አኗኗራቸው ነው» አሉ። በክፋት እንዳልተናገሩት አውቃለሁ፤ በወለድኩ ማግሥት ከማንም ቀድመው መጥተው ገንፎ ያገነፉልኝ እሳቸው ናቸው። ሆኖም ንግግሩ ከልቤ አልወጣም። እኔ ያገባሁት በ25 ዓመቴ ነው፤ የወሊድ መከላከያ ክኒን ውጬ አላውቅም፤ ሁለቱም የማሕፀን ቱቦዎቼ የተዘጉት በ20 ዓመቴ፣ ከቤተሰቤ ርቄ በምማርበት ከተማ የያዘኝ ኢንፌክሽን በጊዜው ሳይታከም በመቅረቱ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕክምናው ወራት ተራ ስጠብቅ አብረውኝ የተቀመጡትን ሴቶች ደጋግሜ አስባለሁ። አንዷ ከወሎ ገጠር የመጣች፣ በ16 ዓመቷ የተዳረች፣ በ23 ዓመቷ «በቅሎ» እየተባለች ከባሏ ቤት ልትወጣ የደረሰች ነበረች፤ የሕክምናውን ገንዘብ ያገኘችው ወንድሟ በሬ ሸጦላት ነው። ከእሷ ቀጥላ የምትቀመጠው የ39 ዓመት የባንክ ሠራተኛ ስትሆን፣ ለእሷ የሚከብዳት ከክፍያው ይልቅ በየሁለት ቀኑ ከሥራ ለመቅረት ምክንያት መፍጠሩ ነበር። ሦስተኛዋ ዱባይ ውስጥ ስምንት ዓመት በቤት ሠራተኛነት ኖራ፣ ባሏን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እያየች፣ ያጠራቀመችውን ይዛ ለሁለት ወር ፈቃድ የመጣች ናት። የሦስቱ ሴቶች አመጋገብ፣ ዕድሜ፣ ትምህርትና የትዳር ሁኔታ አንዱ ከሌላው አይገናኝም፤ ነገር ግን ማታ ማታ ያንኑ መርፌ በአንድ ሰዓት ይወጋሉ። ሦስቱም ዘንድ የደረሰው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፤ «ምን አድርገሽ ነው?» የሚል።

እኔና ባለቤቴ ለኮንዶሚኒየም የቆጠብነውን ነው ያወጣነው። በ2011 ዓ.ም. ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ የመጀመሪያውን ማዕከል እስኪከፍት ድረስ፣ ለአንድ ኢትዮጵያዊ የነበረው ምርጫ የግል ክሊኒክ ወይም የአውሮፕላን ትኬት ነበር። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በእኛ በወላጆቹ መካከል ካለው ልዩነት ምን ያህሉ በእርግጥ ከአኗኗራችን የመጣ ነው? ምን ያህሉስ ከተወለድንበት ቦታ፣ ከኪሳችንና ከሃይማኖታችን? እኔ የአኗኗር ድርሻ ሰው ከሚያስበው እጅግ ያነሰ ነው ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ከእኔ ሕይወት ውጭ ብዙ አላየሁም። በየአገሩ ያላችሁ ያያችሁትን ብትጽፉልኝ እወዳለሁ።


ነርሷ ከሐዋሳ

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። በማሕፀንና ጽንስ ክፍል ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ለባለቤትሽ አክስት ፍትሐዊ ልሁን፤ ስለ ዕድሜ የተናገሩት መሠረት የለሽ አይደለም። በአሜሪካ ክሊኒኮች በሚሰበሰበው መረጃ፣ በራሳቸው እንቁላል ከሚታከሙና ዕድሜያቸው ከ35 በታች ከሆኑ ሴቶች መካከል ግማሽ ያህሉ ከአንድ ጊዜ እንቁላል የማውጣት ሂደት ሕያው ልጅ ይወልዳሉ፤ ከ42 ዓመት በላይ ግን ቁጥሩ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ይህን የሚቀይር ምግብም፣ ስፖርትም፣ ጥሩ ሐኪምም የለም። ይሁን እንጂ የአገራችን ችግር በዋናነት የመዘግየት ችግር ነው ማለት ስህተት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ (ግማሾቹ ከዚያ በፊት ያገቡበት) 17.1 ዓመት ነበር። እኔ በሥራዬ የማገኛቸው አብዛኞቹ ሴቶች በልጅነት የተዳሩ ናቸው፤ ቱቧቸውን የዘጋው ያልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ ንጽሕና በጎደለው ቦታ የተፈጸመ ውርጃ ወይም ከወሊድ በኋላ የተከሰተ ኢንፌክሽን ነው። እንዲህ ያለው ሕመም የሚያመለክተው በአቅራቢያዋ ጤና ጣቢያ ያልነበራትን ሴት ነው፤ የቢሮ ሠራተኛዋን ብቻ ለይቶ አይመጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ፣ ማለትም 17.5 በመቶው፣ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር እንደሚያጋጥመው ገልጿል። በከፍተኛ ገቢ አገሮች 17.8፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች 16.5 በመቶ ነው። ቁጥሮቹ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ተመልከቺ። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ማን ሕክምና አገኘ በሚለው ላይ ነው።

አኗኗር ድርሻ የለውም እያልኩ ግን አይደለም። ሲጋራ የሴትን የእንቁላል ክምችት ያመናምናል፣ የወንድንም ዘር ይጎዳል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ሆነ ከመጠን ያለፈ ክሳት የወር አበባን ያዛባል። ስለ ጫት የተደረጉት ጥናቶች ውጤታቸው የተለያየ ቢሆንም፣ ከጫቱ ጋር አብሮ የሚመጣው ሲጋራ፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መዝጋት ለማንም አይበጅም። እዚህ ላይ ለወንዶች አንድ ነገር ላክል፤ የወንድ ዘር ተመርቶ እስኪያልቅ ከ70 ቀን በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ሲጋራውን ዛሬ ያቆመ ሰው ለውጡን የሚያየው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ሚስቱ መርፌ ልትጀምር አንድ ሳምንት ሲቀራት የሚያቆም ባል ዘግይቷል። መካን ከሚባሉት ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ላይ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር አብሮ ይገኛል። ይህን በየቀኑ እናገራለሁ፤ በየቀኑም ወደ ክፍላችን ብቻዋን የምትመጣው ሴቷ ናት።


አንድ አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሲስተር የጻፉት መጨረሻ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር የእኔን ቤት ታሪክ ስለሚነካ እጽፋለሁ።

እኔና ባለቤቴ ቀድሞ የምንኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነበር። እኔ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሷ በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራ ነበር። የዘሬ ቁጥር እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ አንዱን የወንድ ዘር በቀጥታ ወደ እንቁላሉ የማስገባት ሕክምና፣ ኢክሲ የሚባለው፣ ያስፈልጋችኋል ተባልን። ይህ ዘዴ በ1992 እ.ኤ.አ. ከብራስልስ የመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት እንደ እኔ ላለው ወንድ የነበረው ምርጫ የሌላ ሰው ዘር ወይም ተስፋ መቁረጥ ነበር። የተነገረን ዋጋ ከመድኃኒቱ ጋር ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ያኔ የቨርጂኒያ ሕግ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ይህን እንዲከፍሉ አያስገድድም ነበር። የሜሪላንድ ሕግ ግን ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስገድዳል፤ ለእያንዳንዱ ሕያው ልደት እስከ ሦስት ሙከራ፣ በጠቅላላው እስከ 100 ሺህ ዶላር። ይህም ቢሆን ለሁሉም አይደርስም። ከ50 በታች ሠራተኛ ያላቸው ቀጣሪዎች ግዴታው የለባቸውም፤ የሠራተኞቻቸውን ሕክምና ከራሳቸው ካዝና የሚከፍሉ ትልልቅ ድርጅቶችም ከክልሉ ሕግ ውጭ ናቸው። ባለቤቴ በሜሪላንድ ሕጉ የሚመለከተው ቀጣሪ ዘንድ ሥራ እስክታገኝ አሥራ አንድ ወር ፈለገች፤ ከዚያም የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረን ቤት ተከራየን። ዛሬ የአራት ዓመት መንታ ወንዶች አሉን። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው፤ እኛ ያው እኛ ነን፤ አኗኗራችንም አልተለወጠም።

አሁን ደግሞ የከበደኝን ልናገር። ችግሩ የእኔ መሆኑን ከማወቃችን በፊትም ካወቅን በኋላም፣ ለሁለት ዓመት ያህል በዕድራችንም በቤተ ክርስቲያናችንም ሰው ሁሉ የሚጸልየው ለእሷ ነበር። «ማሕፀንሽን ይክፈትልሽ» ሲሏት አጠገቧ ቆሜ አሜን እል ነበር። እሷም አንድ ቀን እንኳ አላጋለጠችኝም። እናቴ ከአዲስ አበባ እየደወለች «ሌላ አግባ» ስትለኝ ስልኩን የምትሰጠኝ ባለቤቴ ናት። ልጆቹ ከተወለዱ በኋላ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት፤ ይህን ማድረግ የነበረብኝ በመጀመሪያው ወር ነበር።


ተስፋ 29 (ደሴ)

እናንተ ስለ ሕክምናው ክፍያ ትጽፋላችሁ፤ እኔ ደግሞ ስለ አልጋ ክፍያ ልጻፍ። እንቁላል ለማብቀል መርፌ በምትወጊባቸው አሥርና አሥራ ሁለት ቀናት ውስጥ በየሁለትና ሦስት ቀኑ አልትራሳውንድ መታየት ግድ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ከሌለሽ ያን ሁሉ ጊዜ በፔንሲዮን ትቀመጫለሽ፤ መርፌው ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ፔንሲዮኑ ፍሪጅ የለውም። እኔ መርፌዬን ከመንገድ ማዶ ባለች የለስላሳ መሸጫ ሱቅ አስቀምጬ፣ ባለሱቋ ሴትዮ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እንዳትዘጋ እየለመንኩ ተወጋሁ። የመጀመሪያው ዙር አልያዘም። ሁለተኛውን ለመጀመር የሚያስፈልገንን ገንዘብ እያጠራቀምን ነው። ያች ባለሱቅ እስከ ዛሬ ትደውልልኛለች።


የናታንያዋ (እስራኤል)

ወደ እስራኤል የመጣሁት በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ.፣ ከአሥራ አራት ሺህ የሚበልጥ ሰው በአንድ ቀን ተኩል በአውሮፕላን ሲጓጓዝ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ በእናቴ ጭን ላይ ተቀምጬ ነው። የምኖርበት አገር በዚህ ጉዳይ ከሁሉም ይለያል። መንግሥት ለእያንዳንዷ ሴት፣ ባል ያላትም የሌላትም ብትሆን፣ በራሷ እንቁላል እስከ 45 ዓመቷ፣ በለጋሽ እንቁላል ደግሞ እስከ 54 ዓመቷ፣ ሁለት ልጆች እስኪወለዱላት የአይቪኤፍን ወጪ ይሸፍናል። በነፍስ ወከፍ ሲታይ እንደ እስራኤል ብዙ አይቪኤፍ የሚሠራበት አገር የለም። ስለዚህ «ገንዘብ ቢወገድ ልዩነቱ ምን ያህል ይቀራል?» ለሚል ሰው እዚህ መልስ አለ።

ብዙ ይቀራል። በመጀመሪያ ሰዓት አለ። ሕክምናውን አብረን የጀመርነው እኔና አንዲት የኮምፒውተር መሐንዲስ ነበርን። እሷ ጠዋት የደም ምርመራ አድርጋ ከቤቷ ትሠራለች፤ እኔ ያኔ በጽዳት ሥራ ላይ ስለነበርኩ፣ ሕጉ ፈቃድ ቢሰጠኝም የፈረቃው ኃላፊ ፊት ሲጠቁርብኝ አያለሁ። ቀጥሎ ቋንቋ አለ። እኔ ዕብራይስጥ አሳምሬ እናገራለሁ፤ የእናቴ እኩዮች ግን ሐኪሙ የሚላቸውን ሳይረዱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይወጣሉ። ከቋንቋውም በላይ የከፋ አመኔታ ማጣት አለ። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ዴፖ ፕሮቬራ የተባለው የወሊድ መከላከያ መርፌ በደንብ ሳይገለጽላቸው እንደተሰጣቸው የተናገሩ ሴቶች ነበሩ። በጥር 2013 እ.ኤ.አ. የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር ትርጉሙን ላልተረዱ የኢትዮጵያ ተወላጅ ሴቶች መርፌው እንዳይታደስ ለጤና ድርጅቶቹ መመሪያ ሰጡ። በ2016 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ተቆጣጣሪው ሴቶቹ መርፌውን በግዳጅ እንደወሰዱ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ማስረጃው የትም ይሁን የት፣ ታላቅ እህቴ ልጅ እንድወልድ ይሰጠኝ የነበረውን መርፌ ባየች ቁጥር ስሙን ታስነብበኝ ነበር። ሌላዋ ታካሚ ይህን ሸክም ይዛ አትገባም።

ከዚያም የነጻ ሕክምና የራሱ ቀንበር አለው፤ ክፍያ ስለሌለ «በቃኝ» ለማለት ምክንያት ታጣያለሽ። እኔ ሰባት ዙር ሄጃለሁ። በመጨረሻ ሐኪሙ የለጋሽ እንቁላል አለ። ጉዳዩን የሚመራው የ2010 እ.ኤ.አ. ሕግ ነው፤ በተግባር ግን ከማኅበረሰባችን የሆነች ለጋሽ ለሁለት ዓመት ጠብቄ አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ከውጭ አገር የመጣ እንቁላል ነው። የወንድ ልጄ መልክ ከእኔም ከአባቱም በጣም ይቀላል። በሰርግ ላይ «የማን ልጅ ነው የያዝሽው?» ተብዬ አውቃለሁ። አንዳንድ ረቢዎች እንቁላሉ አይሁዳዊት ካልሆነች ሴት ከመጣ ልጁ የግዩር (ወደ አይሁድ እምነት የመግቢያ) ሥርዓት ያስፈልገዋል ይላሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጡት ዘመዶቻችን አይሁድነታቸው ተጠርጥሮ ጥምቀት ሲጠየቁ ተቃውመው አደባባይ የወጡትን ታስታውሳለችና። እኔ ሥርዓቱን አስፈጸምኩለት። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት፣ ያማጥኩት፣ ያጠባሁት እኔ ነኝ፤ ወረቀት ጎደለው እንዲሉት ግን አልፈለግሁም።


የልጅ ልጅ ናፋቂ (ጎንደር)

ልጆቼ፣ እኔ አሮጊት ነኝ፤ የምጽፈውም የጎረቤት ልጅ እያገዘችኝ ነው። ልጄ ካገባ አምስት ዓመት ሆነው። ምራቴን ጸበል ወስጃታለሁ፤ ለቁልቢ ገብርኤልም ተስያለሁ። እግዚአብሔር የሚሰጠውን ልጅ ሐኪም በብርጭቆ ውስጥ ይሠራል ሲባል ልቤ ይፈራል። ደግሞ ከሌላ ሰው ዘር ወስዶ መውለድ የሚባለው የባሰ ያስፈራኛል። የአብራኬ ክፋይ ያልሆነውን እንዴት ልጄ ልበል? ተቆጥቼ አይደለም የምጠይቃችሁ፤ ምራቴ ሰሞኑን ስለዚህ ሕክምና አንሥታብኝ መልስ አጥቼ ነው።


የጥቅምት አበባ (አዲስ አበባ)

እናቴ፣ ስለጠየቁን እጅግ አመሰግንዎታለሁ። እኔም ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነበር፤ ታኅሣሥ 19 ቀን ልጄን ይዤ ስለቴን ላስገባ እሄዳለሁ። እዚያ ደጅ ልጆቻቸውን አዝለው ከሚመጡት እናቶች ስንቶቹ በሐኪም ቤት በኩል እንዳለፉ ማንም አይጠይቅም። ሁለቱን ነገሮች እኔ ሳልለያይ ነው የያዝኳቸው። የሽል ዝውውሩ የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ሲወድቅ፣ ጾሙን ልፍታ ወይስ ልጹም ብዬ የጠየቅኩት የንስሐ አባቴን ነው፤ እሳቸውም «ታካሚ ነሽ፤ ሐኪምሽ ያዘዘሽን ብዪ» አሉኝ።

«በብርጭቆ ውስጥ ይሠራል» የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። የእኔን እንቁላልና የባለቤቴን ዘር አውጥተው በላቦራቶሪ ያገናኟቸዋል፤ ከሦስት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ ሽሉን ወደ እኔው ማሕፀን ይመልሱታል። የተዘጋው ቱቦዬ ሊሠራው ያልቻለውን መንገድ ይዞሩታል እንጂ ሌላ አይጨምሩበትም። ይያዝ አይያዝ ደግሞ ሐኪሙም አያውቅም፤ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል፤ እነዚያ ሁለት ሳምንታት እንደ እርስዎ ካለ ሰው ጸሎት በቀር ምንም የላቸውም። የሌላ ሰው ዘር የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ለልጅዎና ለምራትዎ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ማንም ከአሁኑ ሊያውቅ አይችልም። አንድ ነገር ግን በትሕትና ልጠይቅዎ፤ ምራትዎ ተመርምራ ይሆናል፤ ልጅዎስ?


ኡሙ ሐናን (ድሬዳዋ)

አሰላሙ ዐለይኩም። እናታችን ስለ ሌላ ሰው ዘር ያነሡት ጉዳይ በእኛ ዘንድ መልሱ የታወቀ ነው። የአል አዝሃር ሊቅ ሼኽ ጃድ አል ሐቅ በመጋቢት 1980 እ.ኤ.አ. በሰጡት ፈትዋ፣ አይቪኤፍ በባልና ሚስት መካከል፣ ጋብቻው ጸንቶ ባለበት ጊዜ የተፈቀደ ነው፤ ሦስተኛ ሰው፣ ለጋሽም ሆነች ማሕፀኗን የምታከራይ ሴት፣ አይገባበትም። አብዛኛው የሱኒ ዓለም በዚህ ይሄዳል፤ በሺዓዎች ዘንድ የተለየ አስተያየት የሰጡ ሊቃውንት አሉ።

እኔና ባለቤቴ ጅዳ ለሰባት ዓመት ሠርተን ሳለ፣ በፈሳሹ ውስጥ አንድም ዘር እንደሌለ ታወቀ። በቀዶ ሕክምና በቀጥታ ከቆለጡ ፈለጉ፤ አልተገኘም። ሐኪሟ አዘኔታ በተሞላበት ድምፅ «ሌላ አገር ብትሄዱ ለጋሽ አለ» አለችን። ባለቤቴ ወደ እኔ ዘወር ብሎ ተመለከተኝ፤ እኔ «መንገዳችን እዚህ ላይ አበቃ» አልኳት። ከዚህ ቀደም ብሎ የጻፈችውን የናታንያ እህቴን አልነቅፍም፤ እሷ በሃይማኖቷ፣ እኔ በሃይማኖቴ ነው የተጠየቅነው። አሁን የእህቴን ልጅ በአባቷ ስም አሳድጋለሁ። ይህን የምጽፈው በየውይይቱ የሚናገሩት የተሳካላቸው ብቻ ስለሚሆኑ ነው፤ ከፍለው፣ ተወግተው፣ ቆስለው፣ ሳይወልዱ የቀሩትም አኗኗራቸው ተመርምሮ አልቋል።


ብቻዬን አይደለሁም (ለንደን)

ሁላችሁም ስለ ባልና ሚስት ስትጽፉ ዝም ብዬ ነበር፤ ምክንያቱም ባል የለኝም። ዕድሜዬ 43 ነው፤ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ በለጋሽ ዘር የተወለደች ናት። የጥቅምት አበባ፣ የባለቤትሽ አክስት የሚወቅሱት ሰው ቢኖር እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ተምሬአለሁ፣ ሠርቻለሁ፣ ዘግይቻለሁ። ነገር ግን የዘገየሁት ትዳር ንቄ አይደለም። ስምንት ዓመት የስደተኝነት ወረቀት ስጠብቅ፣ እናቴን በአገር ቤት ሳሳክም፣ ሁለት ወንድሞቼን ሳስተምር ነው ሠላሳዎቹ ዓመታት ያለፉት። ይህን «አኗኗር» ብሎ መጥራት ይቻላል፤ ምርጫ ነበር ማለት ግን ከባድ ነው።

በብሪታንያ ይህን ሕክምና የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን፣ ኤችኤፍኢኤ፣ በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. የታካሚዎችን የብሔረሰብ ዳራ ለይቶ ያወጣው ሪፖርት የእኔን ታሪክ በቁጥር ጽፎታል። ጥቁር ታካሚዎች ሕክምና የሚጀምሩት በአማካይ በ36.4 ዓመታቸው ሲሆን የሁሉም ታካሚዎች አማካይ 34.6 ነበር። ከ30 እስከ 34 ዓመት ባሉት መካከል የልደት ምጣኔው ለጥቁር ታካሚዎች 23 በመቶ፣ ለነጮች 30 በመቶ ነበር። ማለትም ዕድሜው እኩል ሆኖ እንኳ ክፍተቱ አለ። የቱቦ ችግር በጥቁር ታካሚዎች ላይ ይበዛል፤ ማዮማም (የማሕፀን ዕጢ) እንዲሁ። እኔም ሕክምናውን ከመጀመሬ በፊት ማዮማ አስወጥቻለሁ። ያላገባች ሴት የመንግሥቱን ሕክምና ለማግኘት በብዙ አካባቢዎች መጀመሪያ በራሷ ገንዘብ ለጋሽ ዘር በማሕፀን የማስገባት ሙከራ ደጋግማ ማድረግ ይጠበቅባታል፤ ይህ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል።

ይህ ሕክምና የሀብታሞች ነገር ነው ለሚሉ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሳለሁ። በሐምሌ 1978 እ.ኤ.አ. በኦልድሃም ከተማ የተወለደችው የመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ ልጅ፣ ሉዊዝ ብራውን፣ አባቷ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበር። እናቷ ሌስሊ እንደ የጥቅምት አበባ ቱቦዎቿ የተዘጉ፣ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የጠበቀች ሴት ናት። ዘዴውን ያዳበሩት ሳይንቲስት ሮበርት ኤድዋርድስ ለዚያ ሥራ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ነው።


አንድ አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የለንደኗ እህቴ፣ በቅንነት እንድጠይቅ ፍቀጂልኝ። ያለ አባት ለመውለድ አስቦ መነሣት ለልጁ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ፤ እኔ አባቴን በአምስት ዓመቴ ነው ያጣሁት። ልጅሽ አባቴ ማን ነው ስትልሽ ምን ትያታለሽ?


ብቻዬን አይደለሁም (ለንደን)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ አላስከፋኝም፤ ከራሴ ጋር ሁለት ዓመት የተሟገትኩበት ነው። አንተ አባትህን አጥተሃል፤ እሷ ያጣችው አባት የለም፤ ሁለቱ ሐዘኖች አንድ አይመስሉኝም፤ ነገር ግን ጥያቄ እንደሚኖራት አውቃለሁ። ከሚያዝያ 1 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. በኋላ በብሪታንያ የለገሰ ሰው ማንነቱ ለዘላለም የተሰወረ አይደለም፤ ልጅቷ 18 ዓመት ሲሞላት ስሙን መጠየቅ ትችላለች። እስከዚያ ድረስ ግን ዝም አልልም። የካምብሪጇ ፕሮፌሰር ሱዛን ጎሎምቦክና ባልደረቦቻቸው በለጋሽና በተተኪ እናት (ለሌላ ሰው በምታረግዝ ሴት) የተወለዱ ልጆችን ከሕፃንነት እስከ 20 ዓመታቸው ተከታትለው በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ልጆቹ በሥነ ልቦና ረገድ ከሌሎች እንደማያንሱ፣ እውነቱን ከሰባት ዓመታቸው በፊት የሰሙት ደግሞ ከእናታቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት የተሻለ እንደነበር አግኝተዋል። እኔ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እየነገርኳት ነው፤ «እማዬ ፈለገችሽ፤ አንድ ደግ ሰው ረዳት፤ ሐኪሞች አገዙን» እላታለሁ። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ለአሻንጉሊቷ ስትነግር ሰማኋት። የእኔ ቤት እንዲህ ነው። ይልቅስ አንተ ለመንታዎችህ ነግረሃቸዋል?


አንድ አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

አልነገርኳቸውም። ዘሩ የራሴ ስለሆነ አስፈላጊ አይደለም ብዬ ነበር። ዛሬ ማታ ከባለቤቴ ጋር እነጋገርበታለሁ።


የልጅ ልጅ ናፋቂ (ጎንደር)

የጻፋችሁትን ሁሉ የጎረቤት ልጅ ሁለት ማታ አነበበችልኝ። የድሬዳዋዋ ልጄ፣ አላህ ያጽናሽ። የአሜሪካው ልጄ ለእናቱ መናገሩ ከንክኖኝ ልጄን ጠርቼ «አንተስ ተመርምረሃል?» አልኩት። መጀመሪያ ተቆጣ። «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ጉልበት አለኝ» አለኝ። ምራቴ ጓዳ ውስጥ ሆና ትሰማለች። እኔም ይህችን ልጅ አምስት ዓመት ሙሉ ጸበል ያመላለስኳት እኔ ነኝ፤ አንተን አንድ ቀን አልወሰድኩህም፤ በደልኳት አልኩት። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና ሐሙስ እሄዳለሁ አለ። ሲስተር፣ ከመሄዱ በፊት የሚያደርገው ነገር አለ?


ነርሷ ከሐዋሳ

እናቴ፣ አለ። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሰባት ቀን ከግንኙነት ይቆጠብ። ናሙናውን እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ቤቱ ከሆነም ከሰጠበት ሰዓት ጀምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፣ ብርድ እንዳይመታውም በልብሱ ሥር አድርጎ ይያዘው። በቅርብ ወራት ትኩሳት ይዞት ከነበረ ለባለሙያው ይንገር። ውጤቱ ዝቅ ብሎ ቢገኝ እንኳ በአንድ ጊዜ ምርመራ አይፈረድም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገማል። ምራትዎም አብራው ትሂድ፤ እርስዎም ከቻሉ በሩ ላይ ይጠብቋቸው።